ታይቷል

ሥራ አስኪያጁ ካዲስ አበባ ሥልጠና ሲመጣ
አንድ ቃል አንጠልጥሎ መጣ፤
«ተሳትፎ» አለኝ፣ «የሠራተኛ ተሳትፎ
ከእንግዲህ ይለካል፣ በቁጥር ተጽፎ።
ግሩፕ ክፈቺ፣ ሁሉንም አስገቢ፣
ወር ሲሞላ መቶኛውን አቅርቢ።»

ከፈትኩ። «ቤተሰባችን» ብዬ ስም አወጣሁለት፤
ከሳቢያን፣ ከገንደ ቆሬ፣ ከመልካ ጀብዱ ጎሕ ሳይቀድ የሚነሣውን፣
በሦስት ፈረቃ ክር የሚያዳውረውን፣ የጥጥ ባሌ የሚያነሣውን፣
ሁለት መቶ አሥራ አራት ስልክ ለቅሜ ሞላሁለት።

የጥበቃው ሮብሌ በር ላይ ሳቀብኝ፦
«በድሬ ሰው ለወግ ጫት አለው፣ አንቺ ልጅ፤
ቻት ደግሞ ምን ሊጨምርለት ነው? እስቲ ንገሪኝ።»

«እንዴት አደራችሁ?» ጻፍኩ በማግሥቱ።
ሁለት መቶ ሰው አየው፤ ጭጭ አለ ቤቱ።
ከመጋዘን አንድ አውራ ጣት፣
ከማላውቀው ቁጥር አንድ ጽጌረዳ፣
ከዚያ የከዚራ ቀትር ዝምታ፣
ፍየሏ እንኳ ከዛፍ ጥላ ሥር ተኝታ
ማመስኳት የምትተውበት ሰዓት።

«የሳምንቱ ምርጥ» ለጠፍኩ። ታየ።
ጥቅስ ለጠፍኩ፣ ከነፀሐይ መውጫው። ታየ።
በኬክ ሥዕል ለፈሪድ መልካም ልደት አልን፤
ሥራ ከለቀቀ አራት ወሩ እንደሆነ
አንድ ሰው በግል መልእክት ነገረን።
ሁሉም ነገር ታየ። መካኒኩ ጋሽ ታየ ብቻ
አንድ ቀን እንኳ አልታየም።

አንድ ሌሊት፣ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ፣
ኢፍቱ ድምፅ ላከች። አሥራ አንድ ሰከንድ።
ቃል የለውም።
ሽው… ቀጭ። ሽው… ቀጭ።
ኢፍቱ በአማርኛ መጻፍ አትደፍርም፤
ዘጠነኛዋ ማሽን ፊት ቆማ ስታድር
የምታወራው ከእሷው ጋር ነው።
እጇ በስህተት የነካው መሰለኝ።
ጣቴን «አጥፋ» ላይ አሳረፍኩ፤
የግሩፑ አለቃ እኔ አይደለሁ?

ከሥሩ ጽሑፍ ብቅ አለ፣ ፊደሉ የተዛነፈ፦
«እፍቱ አቁሚያት። ኩሽኔታዋ ነው። መጣው።»
ጋሽ ታየ።
የባቡሩ ወርክሾፕ ያሳደገው ጆሮ፣
ባቡሩ ጣቢያ ሳይገባ ሕመሙን የሚለይ ጆሮ፣
መጋላ አልጋው ላይ ሆኖ ሰምቷት።
ባጃጅ አጣ መሰል፣ የደቻቱን ደረቅ አሸዋ አቋርጦ
በሽርጡ፣ መፍቻውን በብብቱ ሸጉጦ
ደረሰ። ማሽኗ ተረፈች።
የኢፍቱ እጅም፣ አሉ ኋላ።

ከዚያ ወዲህ የሚጽፍ ጠፋ፤ ድምፅ ብቻ።
የማይዘጋው የሴቶች መጸዳጃ በር፣ በነፋስ ሲንጓጓ።
ተከፍቶ አየር የሚተፋ ቧንቧ።
ሰርቪስ ጥሏቸው የሄደ ሴቶች
በጨለማ የሚጣደፍ ኮቴያቸው፤
አንዷ ስትስቅ ይሰማል፣ ፍርሃቷን ልትሸፍን።
እኔ አዳመጥኩ። በስማቸው እየጠራሁ መለስኩ።
ጋሽ ታየ በሩን ገጠመው፤
ሮብሌ ባትሪውን አብርቶ እስከ አስፋልቱ ሸኛቸው፣
ቻት ይሁን ጫት መጠየቁን ትቶ።

ከዚያ ሙሚና። ከማቅለሚያ ክፍል።
ሳለች። ሦስት ሰከንድ።
ሌላ ምንም።

ወሩ ሞላ። «መቶኛውስ?» አለኝ።
ሰንጠረዡን ያዝኩ፦ አውራ ጣት ቀንሷል፣
ጽጌረዳ የለም፣ ልደት ያከበረ የለም።
«እንዴት አደራችሁ?» ብዬ ለጠየቅኩት
መልሱ ሌሊት ሌሊት ሲመጣ ከርሟል፤
የሚገባበት ሳጥን ግን ሰንጠረዡ ላይ አልተሠራለትም።

ከሙሚና ሳል ሥር፣ ካዩት ሰዎች መሀል፣
የሥራ አስኪያጁን ስም አገኘሁት።
ታይቷል።
መታየትስ ታይቷል።

ትናንት ማታ፣ አለቃ ነኝና፣
ሳሏን ከግሩፑ አናት ላይ ሰካኋት፤
«ቤተሰባችን»ን የከፈተ ሁሉ መጀመሪያ እሷን ያገኛል።
ሰኞ ቢሮው ይጠራኛል።
እስከዚያው ሦስት ሰከንድ ነው፤
ይጫነው።