የቆርቆሮ ምላስ

ቅዳሜ ማለዳ፣ ከአሮጌ ዕቃ ተራ፣
ፖርቶ ጉም ተከናንባ፣ ጀምበር ሳታበራ፣
አንዲት ፉርጎ ገዛሁ፣ ጣሪያዋ የጎበጠ፣
ሦስት ጎማ የቀራት፣ አራተኛው ያመለጠ፣
ከሻይ ማንኪያና ከተሰበረ መነጽር ጋራ
በካርቶን ታጭቃ፣ በዘጠኝ ዩሮ ኪሳራ።

ዙልሚራ በሩ ላይ ካርቶኑን አይታ፣
«ደግሞ ሌላ ዝገት!» አለች በእርጋታ።
እውነቷን ነው፤ ምድር ቤቱ ሞልቷል፣
አልጋችን ሥር ሳይቀር ሐዲድ ተዘርግቷል፤
የሹካ መሳቢያው ሹካዎቹን አባሮ
ለባቡር ቁልፍና ለጥርስ ተከራይቷል።
ሠላሳ ዓመት ሙሉ የትራም ፍሬን ጠጋኝ፣
በጡረታዬ ማግስት የባቡር ልክፍት ያዘኝ።
ምን ላድርግ?

ኑረምበርግ ከተማ፣ ዲትሌፍ የሚሉት ሰው፣
ሰብሳቢ ነው እሱም፣ ጭረት የሚያመው፣
«እንደ አዲስ አድርገህ ቀባትና ላካት፣
ሦስት መቶ እከፍላለሁ፣ ጠባሳ ከሌላት»
ብሎ ጻፈልኝና፣ እሺ አልኩት እኔም፤
ቃል ነው። የኛም ቤት ጣሪያ ማፍሰስ አላቆመም።

መብራቴን አወረድኩ፣ መነጽሬን ደረብኩ፣
በጥጥና በናፍጣ ዝገቱን አባበልኩ።
እንዲህ ያለች ፉርጎ ብሎን አታውቅም፣ ብየዳ አታውቅም፤
በሽንቁር ሾልካ ከታጠፈች ቀጭን ምላስ በቀር መያዣ የላትም።
አንዴ ሲሠሯት ታጠፈች፣ አንዴ አሁን በኔ ፒንሳ፤
ስዘጋት ሦስተኛ ነው። ከዚያ ወዲያ ምላስ ይቆረጣል።
ሰው ግን ቃሉን አጥፎ፣ አጥፎ፣ ምላሱ ይቀጥላል።

ትንፋሼን ዋጥ አድርጌ ጣሪያዋን አነሣሁ።
ሸረሪት ነበረ የጠበቅሁት።
ዓሣ አየኝ።

ሰርዲን። በሰማያዊና በቀይ የታተመ፣
«በወይራ ዘይት» የሚለው ጽሑፉ በመቀስ የተከረከመ፣
ዓይኑ ግን ከራሱ ወጥቶ፣ ከጉንጩ ማዶ ተንጠልጥሎ፣
ዓይን ያወጣ ስህተት፣ ጣሪያ ሥር፣ ስንት ዘመን ዝም ብሎ።

ዙልሚራን ጠራኋት። እጇን በሽርጥ አብሳ፣
ግድግዳ ተደግፋ ወረደች አጎንብሳ።
አየችው።
ከዚያ ሳቅ ጀመራት፣ አርባ ስድስት ዓመት
ከጎኗ ተኝቼ ያልሰማሁት ዓይነት።
«ይሄ ዕውር! ይሄን ዕውር አውቀዋለሁ እኮ!

«አሥራ አራት ዓመቴ፣ ማቱዚኞስ፣ ወደቡ ዳር፣
ጀልባ ሲገባ ፋብሪካው ያጓራል፣ ሌሊት ይሁን ቀን፣
እንሮጣለን፣ ፀጉራችን ሳይታሰር።
አታሚው ጠጥቶ ነው አሉ፣ ቀዩ ቀለም ሸሸ፣
አንድ ሺህ ሉህ ቆርቆሮ በአንድ አዳር ተበላሸ፤
አለቃው ይጮህብናል፣ እኛ ያተምነው ይመስል፣
እኔና ኤድቪዤስ ጣታችን እስኪቆስል
ስንለይ ነጋብን፤ ደህናው ለሰርዲን፣ ዕውሩ ለጋሪ፤
ጋሪውን የሚገፋ አንድ ሽማግሌ ነበር፣ አሻንጉሊት ሠሪ።»

አውራ ጣቷን ከዓሣው አጠገብ አኖረች፤
ነጭ መስመር አለበት፣ ከጥፍር እስከ አንጓ።
እኔ፣ የእያንዳንዱን ባቡር ጭረት
የማን ልጅ እንደጫረው የምጠይቅ ሰው፣
ይሄን ጭረት አንድ ቀን አልጠየቅኩም።

«አትሽጣት» ትለኝ ይሆን ብዬ ፊቷን ሳይ፣
«ጣሪያው ያፈሳል» አለች፣ ቀና ብላ ወደ ላይ።

እሷ መብራት ይዛ፣ እኔ የፉርጎዋን ምላስ አጠፍኩ፤
ቃሌን ግን አላጠፍኩም። ሳምንት ሙሉ ቀባሁ፣
አረንጓዴ፣ ባለ ወርቅ ዘርፍ፣ ጭረት አልባ።
እነሆ ኑረምበርግ፣ መስታወት ሳጥን ውስጥ፣
ዲትሌፍ በአጉሊ መነጽር ጠባሳ ፈልጎ አጥቶባት፣
በጨለማው ጣሪያ ሥር
አንድ ዕውር ሰርዲን ያለ ትኬት ይጓዛል።

ትናንት ማታ፣ መብራት ካጠፋን በኋላ፣
«ሌሎቹስ?» አለችኝ።
«የትኞቹ?»
«ምድር ቤት ያሉት። ከጣሪያቸው ሥር አይተሃል?»
አላየሁም።
ተነሥታ በጨለማ ነጠላ ጫማዋን ስትፈልግ ሰማኋት፣
ከሹካው መሳቢያ ፒንሳውን ስታወጣ፣
ከዚያ ደረጃውን፣
ግድግዳውን ሳትደገፍ።