ሁለት የአዋቂ እርምጃ

ስልክ በደወልኩ ቁጥር፣ ሰው ሳያነሣ፣ ሴትዮዋ ትመክራለች፤
«ሁለት የአዋቂ እርምጃ ተራራቁ» ትላለች።
ቤቴን ለካሁት፦
ከአልጋው እስከ በሩ ሁለት እርምጃ ተኩል።
አራት ነፍስ አለን። ለማን ስንት ላካፍል?

ሚያዝያ ነው። ሐዋሳ፣ ከታቦር ሥር፣ የኪራይ ቤት።
ባጃጄ ግቢ ውስጥ ቆማ ሸራዋን ዶሮ ሰፈረበት።
ዘርትሁን በሌሊት ተነሥታ ትሄዳለች ወደ ፓርኩ፤
ሸሚዝ መስፋት ቀርቶ ማስክ ሆኗል የቀን ልኩ።
እኔ፣ ባንድ እጄ መሪ ይዤ ባንዱ መልስ ስቆጥር የኖርኩ፣
አጥሚት አማስላለሁ፤ እያረረብኝ፤
ሶስና ጫማዬን ከባልዲ ነክራ እየሳቀችብኝ።

ትምህርት ቤቱ ተዘጋ። የያቤጽ ጥያቄ ግን አልተዘጋም፦
ሐይቁ ዳር ለምን አንሄድም?
አባ ኮዳዎቹን ማን ያበላቸዋል፣ ዓሣ የሚሸጥ ከሌለ?
እነሱስ ማስክ አያደርጉም?

ሐሙስ ለት የብድሩ ሰውዬ ድምፁን አለዝቦ ደወለ፤
«መቼ ነው?» አለኝ። «ይመጣል» አልኩ። «መቼ?» አለ።
ስዘጋ የወተቱ ጣሳ ከእግሬ ሥር ተንከባለለ፤
የመጨረሻው ዱቄት ወለሉ ላይ። ያቤጽ «ሶሲ ናት» አለ።

ጮህኩ።
የእኔ ድምፅ አልነበረም፤ አባቴ ነው የተናገረ፣
በጉሮሮዬ ሠላሳ ዓመት ቀን ሲጠብቅ የነበረ።

ያቤጽ አላለቀሰም። ማልቀስ ይሻል ነበር።
ወጥቶ ባጃጇ ውስጥ ገባ፤ በሾፌሩ ወንበር
ቁጭ አለ፤ እግሩ ፍሬን አይደርስ፣ እጁ ግን መሪው ላይ፤
ፊት ለፊት ያያል፤ ከቆርቆሮው አጥር ሌላ ምንም አይታይ።

ሶስናን አቅፌ ተከተልኩ። የምለው ጠፋኝ።
«ሐይቅ ነህ?» አልኩት፣ እንደ ተሳፋሪ። በመስታወቱ አየኝ።
«ማስክ የለህም» አለ። «ደግሞ ሰው ይቀነስ ተብሏል።
ሕፃኗ ትግባ። አንተ ቁም።»
ቆምኩ።
ሞተሩን በአፉ አስነሣ፤ ፒያሳን አቋርጠው ወረዱ፤
እኔ መንገድ ዳር እጄን ሳወዛውዝ፣ እነሱ ጥለውኝ ሄዱ።

በሦስተኛው ዙር ቆመልኝ። «ብር አለህ?» አለ።
«የለኝም» አልኩ። እውነቴን ነበር።
«ይመጣል፣ በል» አለኝ።
(ስልኩን ሰምቶ ኖሯል ለካ።)
«ግባ። ብቻ እንዳትጮህ፤ ተሳፋሪ ይፈራል።»

ማታ ዘርትሁን መጣች፤ እንደ ልማዷ ደጃፍ ቆመች፤
እስክትታጠብ አትነካም። «ሳሙናውን አቀብሉኝ» አለች።
ያቤጽ ከደፉ ጀምሮ ረገጠ፦ የአዋቂ ሁለት፣ የእሱ አምስት፤
አምስተኛው ላይ ቀጥ ብሎ ቆመ፣ ሳይደርስባት።
«እንዴት ዋላችሁ?»
«ሐይቅ ደርሰን መጣን» አላት።
እሷ ግን የምታየው እኔን ነበር፣
ጉልበቴ ላይ የቀረውን ነጭ ዱቄት።