አሥራ ዘጠኝ ከሩብ

ጠመንጃው የኔ ነው፣ ከጨረታ ያነሣሁት፣
ውርስም አይደል፣ ታሪክ የለው፣ ሦስት ወር የከፈልኩት።
ጥይቱ እንደ አውራ ጣት፣ ድብልብል፣ ዝግተኛ፤
አመሉ የበቅሎ ነው፣ ረጋጭ፣ ነገረኛ።
እንከኑ አንድ ብቻ፦
ሃያ ስድስት ኢንች አፈሙዝ፣ የዓሣ ማጥመጃ ዘንግ አቻ።
ከመኪናዬ ሳወጣው መስተዋቴን ይገጫል፣
ከአልደር ዛፍ ጥሻ ሲገባ ያገኘውን ያቅፋል፣
እኔ ወደፊት ስል፣ እሱ “ቆየኝ” ይለኛል።

ሲግቫልድ ዘንድ ይዤው ሄድኩ፣ ከቤላ ኩላ ዳር፣
ብረት ቆራጭ፣ ጀልባ ጠጋኝ፤ ድሮ ጥርስ ይነቅል ነበር፣
የጥርስ ሐኪም ወደ ሸለቆው ብቅ ከማለቱ በፊት፤
ዛሬም ሰው ሲያናግር አገጭ ያያል እንጂ አያይም ፊት።

“ቁረጥልኝ” አልኩት። “ስንት ላይ?” አለኝ።
“እንጃ፣ አጠር አድርገው።” መጋዙን አስቀምጦ አየኝ።
“አጠር የሚባል ቁጥር የለም። ጨርቅ ቢሆን ይቀጠላል፣
ፀጉር ቢሆን ይበቅላል፤
ብረት አንዴ ከወደቀ ምን ለቅሶ ይመልሰዋል?

አሥራ ስድስት ብትል፣ በጥሻው እንደ እባብ ትሾልካለህ፣
ግን እሳቱ ካፍንጫህ ሥር ነው፤ በጆሮህ ትከፍላለህ፤
ከሆዱም አንድ ሁለት ጥይት ታጎድላለህ።
ሃያ ሁለት ብትል፣ ማነጣጠሪያው ራቅ ይላል፣
ዓይንህ ይረጋል፣ ክንድህም ሚዛን ያገኛል።
ፍጥነቱን እንደሆን ተወው፤ ይህ ጥይት በሬ ነው፣
ሞፈሩ ቢያጥር ቢረዝም፣ ያው የበሬ እርምጃ ነው።”

“ታዲያ አንተው ምረጥልኝ።” “እኔ ብመርጥ ለኔ ክንድ ነው” አለና፣
ከጥግ የቆመ መጥረጊያውን ብድግ አደረገና፣
እንጨቱን ከሦስት ገዝግዞ ቁጥር በእርሳስ ጻፈበት፣
ጌታው የሞተ አሮጌ ሰደፍ አውርዶ አንዱን ሰካበት።
“ሂድ፣ ጥሻውን ጠይቀው፤ የሚያውቀው እሱ ነው፣ የኖረበት።”

የመጀመሪያው ቀን በአጭሩ ሄድኩ፤ እንደ ልጅ መጫወቻ
ገና ሳነሣው ወዲያ ወዲህ ተንቀዠቀዠብኝ ብቻ።
በማግስቱ በመካከለኛው። አልከፋኝም፤ ደስም አላለኝ፤
ማቪስ ከበረንዳዋ አይታ “ኮርዊን!” ብላ ጠራችኝ፣
“ዘንድሮ ሙሱን ልትገድል ነው ወይስ ልትጠርግ?” ሳቀችብኝ።

ሦስተኛው ቀን ዝናብ ነበር። ረጅሙን ይዤ ገባሁ፤
አልደሩ እንደ ለማኝ ጎተተኝ፤ ተሳደብኩ፣ ታገልኩ፣ ወጣሁ፣
ከወንዙ ዳር ብቅ ስል፣
ድብ።
አሥራ አምስት እርምጃ። ሳልሞን ከአፉ ተንጠልጥሏል።
እጄ እኔን ሳይጠይቅ ተነሣ፤ ሰደፉ ትከሻዬን ገጠመ፣
ዓይኔ ሄዶ ሄዶ ከእንጨቱ ጫፍ ላይ ቆመ።
አየኝ። አየሁት።
በመካከላችን መጥረጊያ።
ዓሣውን መሬት አኖረው፤ አሰበ መሰለኝ፤ መልሶ ነከሰ፣
እንደ ባለርስት ዝግ ብሎ ወደ ዝግባው ተመለሰ።

ጉልበቴ መልሶ የኔ እስኪሆን እዚያው ቆየሁ፤
እንጨቱን ያኔ ነው ያየሁ፦
ጫፉ የለም። አንዱ ባላ ሰብሮ አስቀርቶታል፤
የት እንደሆነ እንጃ፣ ክንዴ ግን ሳላውቅ ለምዶታል።

ሲግቫልድ ሜትሩን ዘረጋ፣ ሁለቴ ለካ፣ ዝም አለ።
“አሥራ ዘጠኝ ከሩብ። ይህን ልክ የሚሠራ ፋብሪካ የትም አለ?”
“ቁረጥ” አልኩት።
መጋዙ ሲጮህ ፊቴን አዞርኩ፣
እንደ ጥርስ ተነቃይ አገጬን በእጄ ይዤ ቆምኩ።

የወደቀው ቁራጭ ስድስት ኢንች ከሦስት ሩብ ነበር፤ ላነሣው ስል ቀደመኝ፣
“የመጥረጊያዬ ካሣ” አለኝ።
እጀታ አልባው መጥረጊያ ላይ ሰክቶ፣ በመዶሻ ጥብቅ አደረገ፤
ከዚያ ወገቡን ይዞ አጎነበሰና
የኔን ብረት ጨብጦ፣ የኔን ብረት ጠረገ።