ፋሻ

በዋልቪስ ቤይ ወደብ፣ ጉም ባሕሩን ሲያለብስ፣
ፊሌሞን ከዓሣው ፋብሪካ፣ ከሌሊት ፈረቃ ሲመለስ፣
ሰርዲን ሰርዲን እየሸተተ፣ ጣቱ በበረዶ ደንዝዞ፣
ይመጣል ወደ ጋራዣችን፣ ጓንቱን በጥርሱ ይዞ።

ቡጢ ያስተማሩት ታቴ ኔንጎላ ናቸው፣
የባቡር ሠራተኛ የነበሩ፣ አንድ ዓይን የቀራቸው።
እኔ ፋሻ ጠቅላይ ነኝ፤ ከአውራ ጣት ጀምሬ፣
አንጓውን ሦስቴ ዞሬ፣ በጣቶቹ መሐል ተሻግሬ።

ያኔ አማተር ነበር።
ሦስት ዙር፣ የራስ ቆብ፣ ቀይ ካናቴራ፤
ሲሸነፍ እንኳ ከረታው ልጅ ጋራ
አንድ ብርቱካን ለሁለት ይገምጣል።
ስድሳ አንድ ጊዜ ገጥሞ፣ አምስቴ ብቻ ተረታ፤
እናቱ ሜዳልያውን በመስኮት ሰቀለች በተርታ፤
ነፋስ ሲመጣ ይንሿሿል፣
ጎረቤት ሌባ መስሎት ይነሣ ነበር ማታ ማታ።

ከዊንድሁክ አንድ ሰው መጣ፣ ጫማው አሸዋ ፈርቶ፤
«ሜዳልያ አይቀቀልም» አለ፣ የውል ወረቀት ዘርግቶ።
ታቴ አላነበቡትም፤ እኔ አነበብኩት ግማሹን፤
የቀረው ፊደል ደቀቀብኝ፤ እሱ ፈረመ ሙሉውን።

ቆቡ ወለቀ። ካናቴራው ወለቀ። ጓንቱም ሳሳ።
ደረቱ ላይ የፈላ ውኃ የተወው የልጅነት ጠባሳ፤
ዐሥር ዓመት እጁን ስይዝ
አላየሁትም ነበር ለካ።

ስምንቱን አሸነፈ። ማቀዝቀዣ ገዛ ለናቱ፤
ሌሊት ሌሊት ያጉረመርማል፣ ዓሣ ብቻ ነበር ሀብቱ።

ዘጠነኛው ጆሃንስበርግ ላይ ነው፤ ዐሥር ዙር።
በስድስተኛው ግራ ዓይኑ ተዘጋ።
ማዕዘኑ ላይ ቁጭ ብሎ «አሁን ስንተኛው ነው?» አለኝ።
«የመጨረሻው» ብዬ ዋሸሁት። አመነኝ።
ያለውን ሁሉ ሰባተኛው ላይ አፈሰሰ፣
ደወሉ ሲደወል ሁለት እጁን ወደ ሰማይ አነሣ፣
ሊያቅፈውም ወደ ባላጋራው ሄደ።
ሦስት ዙር ይቀር ነበር።
ሕዝቡ ሳቀ።

ከዚያ ወዲያ የጠሩት ሁሉ ሌላ ሊያነግሡበት፤
ሉሳካ፣ ደርባን፣ ሃራሬ፣ የመኝታ ከክፍያው ተቆርጦበት።
ውሉ ሲያልቅ ማንም አልጻፈለት፤
ፋብሪካው ግን ቦታውን አልረሳበትም፣
ሣጥን ይቆጥራል፣ ዐሥር ሲሞላ ምልክት።

ትናንት ወደ ጋራዡ መጣ። ግጥሚያ የለበትም።
እጁን ዘረጋልኝ እንደ ድሮው፤ ምንም አልተናገረም።
ከአውራ ጣት ጀመርኩ፣
አንጓውን ሦስቴ ዞርኩ፣
ጣቶቹ መሐል ስደርስ
«ሰባተኛው ነበር፣ አይደል?» አለ ግድግዳውን እያየ።
አዎ ማለት አቃተኝ። ቋጠሮውን አጠበቅኩ።
«ላላ አርገው» አለ፣
«ደሜን ያዝከው።»