የእርገጤ ብርቱካን

እርገጤ አረፈ አሉኝ ማክሰኞ ለገሃር፣
የሳሪስ ታክሲ ጠፍቶ ሰልፉ ሲቀጥል እስከ ዳር።
ነጋሪው ወርዶፋ ነው፣ የሚስማር ተራው፣
ጥሩምባ የነበረ፣ ዛሬ ጉሮሮው የሻከረው።
«የትኛው እርገጤ?» አልኩት፣ እያወቅኩ፣
ላንድ አፍታ እንኳ ሌላ ሰው ይሁን ብዬ እየጠበቅኩ።
«ባለ ግራ እግሩ ነዋ! ስንት እርገጤ አለ?»
አለ።
ታክሲው መጣ፣ ሞላ፤ አልገባንም፣ አየነው፤
እንደ እንግዳ ቆመን ሸኘነው።

ማታውን ተሰበሰብን ከስታዲየሙ ጀርባ፣
ሦስት ከካታንጋ፣ አንድ ከዳፍ ትራክ፣ እሱም በከዘራ ገባ።
የጥላ ፎቁ ሳህሉ ከረባት አስሮ መጣ፣
ድሮም ጥላ ወዳድ፣ ወደኛ ፀሐይ የማይወጣ።
ወዲያው ክርክር ሆነ።
«በቴስታ ነው ያገባት ያቺን ጎል፣ በአየር ላይ!»
«በግራው ነው እንጂ! እርገጤ ቴስታ ያውቅ ነበር ወይ?
ደግሞ ጭቃ ነበር።»
«ፀሐይ ነበር።»
«ዣንጥላዬ የተሰበረው ያን ቀን ነበር!»
አንዲት ጎል በአምስት ምስክር አምስት ጊዜ ስትቆጠር
ለሟች ይህም ትንሽ አይደል፤ አራት ጎል ጨመርንለት፣
በቁሙ ያቺንም አንዲት «ኦፍሳይድ» ያልንበት።

እኔ ግን ዝም አልኩ።
ያቺን ሪጎሬ ማንም አላነሳ፤
ሁሉም ያስታውሳታል፣ ሁሉም እንደ ረሳ።
ኳሷን ከአግዳሚው በላይ ወደ ለገሃር ሰቀላት፤
«ባቡር ተሳፈረች፣ ድሬዳዋ ጠብቋት!»
ብሎ አንዱ ሲያስቅ፣ እኔ ግን አልሳቅኩም፤
ብርቱካን ነበር በእጄ፤ ወረወርኩ፤ አልሳትኩም።
ትከሻው ላይ አረፈች።
ዞረ።
አሁን ይሳደባል፣ አሁን ይመልሳታል ስንል
ጎንበስ አለ፤ አነሳት፤ በማሊያው ጠረጋት፤
ልጣጩን በአውራ ጣቱ አዙሮ ላጣት፤
ግማሿን ለመስመር ዳኛው ሰጠው፣ ግማሿን በላት።
ሰማኒያ ሦስተኛው ደቂቃ፤ ሁለት ለዜሮ እየተመራን።
ሚስማር ተራ ጸጥ ሲል የሰማሁት ያኔ ብቻ ነው፤
የመስመር ዳኛውም ባንድ እጁ ባንዲራ፣ ባንድ እጁ ብርቱካን፣
የቱን እንደሚያነሳ ግራ ገብቶት ቆሞ ነው።

ከዓመታት በኋላ አገኘሁት በአምባሳደር በኩል፣
ጫማ ቤት ተቀጥሮ፣
በሰው እግር ሥር ተንበርክኮ ቁጥር ሲለካ።
ያ ግራ እግር ታጥፎ ተቀምጦበታል።
«ትንሽ ይይዛል፤ ሲለመድ ይሰፋል» አለኝ፣ ክሩን እያሰረ።
ልንገረው አልኩ፤ «ብርቱካኗ የኔ ናት»፤
አፌ ላይ ደረሰች፤ አልተፋኋት።
ጫማው ጠቦኝ ነበር፤ «ልኬ ነው» ብዬ ከፈልኩ፣
ስድስት ወር በእሱ እያነከስኩ ተራመድኩ።

ረቡዕ ወደ ዮሴፍ ስንወስደው በስታዲየሙ በር አለፍን።
አንድ ዙር ሜዳውን ይዙር ብለን ለመንን፤
«እድሳት ላይ ነው፤ ደብዳቤ አላችሁ?»
አለ ዘበኛው፤ ጢም እንኳ በቅጡ አላበቀለም፤ «ማነው ደሞ ሟቻችሁ?»
ነገርነው። አያውቀውም።
«ስንት ቁጥር ነበር?» ሲል፣
«አሥራ አንድ!» አልን ባንድ አፍ፤ በሌላው ሁሉ ሳንስማማ ስንውል።
ቆርቆሮውን ገፋ አደረገልን። ሬሳ አያስገባም፤ ዓይን ያስገባል።
ሣር የለም። አፈር፣ ጠጠር፣ አንድ የቆመ ዶዘር፤
በግራ መስመር በኩል የሲሚንቶ ክምር።
«እሱ ሲሮጥበት የነበረው ላይ ከመሩት» አለ ወርዶፋ፣
ጥሩምባው ድምፁ እዚያው ጠፋ።

ኪሴ ውስጥ ብርቱካን ነበረች፣ ጠዋት የገዛኋት።
በዚያች ቀዳዳ ልወረውራት ነበር ሐሳቤ፤ አፈርኩ፤ ላጥኳት።
ግማሿን ለዘበኛው ሰጠሁት፤
«ለምንድነው?» አለኝ፤ አልመለስኩለት።
ግማሿን እኔ ጎረስኩ።
ኮምጣጣ ናት፤ መንጋጋ ታስነክሳለች።
ያቺኛዋም እንዲህ ነበረች?
እሱ ግን ፊቱን አላጨፈገገም፤
አይቼዋለሁ፤ ሩቅም አልነበርኩም።