የእንግዳው ሳህን

ናሬቭ ወንዝ ዳር፣ ሐዲዱ ሲታጠፍ ባለችው ቤታችን
የገና ዋዜማ፣ ሲመሽ፣ መስኮቱ ላይ ነው ዐይናችን፤
የመጀመሪያዋ ኮከብ ብቅ ካላለች በቀር
ማንኪያ አይነሣም ከቶ፤ ደንቡ ነው የሀገር።

የወንድሜ ልጅ ያግና አፍንጫዋን ከመስታወት አጣብቃ
ደመናውን ትቆጣለች፣ ጠብቃ ጠብቃ።
ከእግሯ ሥር ክሉስካ፣ አሥራ አራት ዓመቷ፣
አንድ ጆሮዋ የደነቆረ፣ እስከ ግንባር የሸበተ ፊቷ፤
እሷን ኮከብ ምን ገዷት!
ከጧት ጀምሮ ከኩሽናው ደፍ ላይ የተከላት
የካርፑ ሽታ ነው፣ መጥበሻው ላይ ሲንጫጫ፤
አንዱ ዐይኗ ተኝቷል፣ አንዱ ከዓሣው ጋር ይዟል ፍጥጫ።

አባቴ ግን ዝም ብሏል።
ከመጋቢት ወዲህ፣ አንጎሉ ውስጥ ደም ከፈሰሰ፣ ዝም ብሏል።
"ቃሉ አለ፤ የጠፋው መውጫው ነው" አለች ሐኪሟ፤
እናቴ ሌሊት ሌሊት ይሄንኑ ነው ሕልሟ፦
በር የሌለው ክፍል፣ ከውስጥ ሰው የሚያንኳኳ፣
እሷ ከውጭ ሆና፣ ግድግዳውን የምትነካ።

ድሮማ ሐዲድ ቀያሪ ሳለ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ፣
ከጭነት ባቡር ጩኸት በላይ ነበር ቃሉ።
ክሉስካንም ያመጣት እሱ ነው፣ ከሐዲዱ መሃል፣ ከበረዶ ላይ አንሥቶ፣
በካፖርት ኪሱ ውስጥ፣ ከሳንድዊቹ ጋር ከቶ።
እናቴ አየችና፦ "ዜኖን፣ ይሄ ውሻ ነው ወይስ የሊጥ ድቡልቡል?"
ክሉስካ፣ ድቡልቡሏ፣ ስሟ ሆኖ ቀረ።
ከሳንድዊቹ የተረፈው ወረቀቱ ነበር፣ ጥቅልል።

እናቴ ስሱን ቂጣ ቆርሳ ታድላለች፤
"ነጩ ለሰው ነው፣ ሮዙ ለከብት" ትላለች።
ላም የለን፣ ፈረስ የለን፤ የበረቱ ድርሻ
በሙሉ ለሷ ሆነ፣ ለአንዲት ውሻ።
ደግሞ አንድ ሳህን ትርፍ አለ፣ ከነማንኪያው፣ ከነወንበሩ፣
ድንገት ለሚያንኳኳ፣ ለመሸበት እንግዳ ክብሩ።
እስከ ዛሬ ማንም አላንኳኳም።
እናቴ ግን አንድ ዓመት እንኳ የእንግዳውን ዓሣ አላሳነሰችም።

በዚህች ሌሊት፣ እኩለ ሌሊት ላይ፣ እንስሳ አፍ ያወጣል ይባላል።
ያግና ጥያቄዋን በደብተር ጽፋለች፦
አንደኛ፣ ጓንቴን የት ቀበርሽው? ሁለተኛ፣ ማርጀት ያማል?
ሦስተኛውን በመዳፏ ሸፈነችው፤ እኔ ግን አየሁት፦
"አያቴ በሆዱ ምን ይላል?"

ከወንዙ ማዶ ደወል ተደወለ።
ክሉስካ ተነሣች፤ ጉልበቷ ቀጭ አለ።
ያግና እስክሪብቶዋን ይዛ ትንፋሿን ዋጠች።
ውሻዪቱ አዛጋች፤
ወደ እንግዳው ወንበር ቀስ ብላ አዘገመች፤
ሁለት እጇን ሰቅላ፣
ሳህኑን ቃኝታ፣ ካርፑን ከነጭራው አንጠልጥላ

"ሌባ!"

ጭልፋ ወደቀ።
ከጠረጴዛው ማዶ አባቴ፣ ግማሽ ፊቱ ብቻ ሣቀ።
"ሌ... ባ!" አለ ደግሞ፣ አዲስ ጫማ እንደሚለካ ሰው፤
እናቴ መሐረቧን ፊቷ ላይ አለበሰችው።
ያግና ብቻ ጮኸች፦ "ተናገረች! ተናገረች! ሰማችሁ?"
ማን ያርማት? ምን ብላችሁ?
ክሉስካ ከጠረጴዛው ሥር፣ በደህናው ጆሮዋ ስድቧን እየሰማች፣
ጅራቷን እየቆላች፣
ዓሣውን ከነእሾሁ ጨረሰች።

ከዚያ ወዲህ ሌሎች ቃላት መጡ፣ አንድ በአንድ፣ እያነከሱ፦
"ጨው።" "ዝጊው።" የእናቴ ስም። የያግናም፣ እስከ ግማሹ።
ክሉስካ በሚያዝያ ሞተች። ከፖሙ ዛፍ ሥር ናት።

ዘንድሮ ዋዜማውን
እናቴ፣ መብራቱ ሥር አጎንብሳ፣ የእንግዳውን ዓሣ
እሾሁን ስትለቅም አገኘኋት፣ በጣቷ ጫፍ እየዳሰሰች፣ አንዱንም ሳትረሳ።
"ለማን ነው?" አልኳት። ዝም።
አባቴ ነው ወንበሩን ከጠረጴዛው ጥቂት ወደ ኋላ የሳበው፤
"ለ... ሌባዋ ነው።"