የሊፍቱ ሳንቲም

ዩኒቨርሲቲ ሲባል ሜዳ ለሚታየው ሰው፣
የእኛው አንድ ሕንጻ ነው፣ ግንቡን ዝናብ ያረሰው።
ከታች ጫማ ሰፊ፣ መሀል ላይ ቤተሰብ፣
ስድስተኛው ፎቅ ላይ የእኛ ክፍል፣ ሒሳብ።
ትብሊሲ ሽቅብ ናት፤ ደረጃ ወልዳ ደረጃ፣
ለአርፋጅ ተማሪማ የማለዳ ፍርጃ።

ሊፍቱ ጠባብ ነው፣ ቁምሣጥን ያህላል፤
ሃያ ቴትሪ ካልዋጠ ባለበት ይውላል።
አፉ ቀጭን ስንጥቅ፣ ሆዱ ቆርቆሮ፣
የተማሪን ምሳ ይበላል ቆንጥሮ።

ስለዚህ በጠዋት በሩ ላይ እንቆማለን፣
ሳንቲም ያለው እስኪመጣ ዓይን ለዓይን እንተያያለን።
ከዚያ ስድስት ሆነን፣ ለአራት በተሠራ፣
ክርን ከጎድን ጋር፣ ቦርሳ ከፀጉር ጋራ፣
ሲወጣ እያቃሰተ እንደ ሽማግሌ
ኬቶ ታማትባለች፦ «ዛሬማ አለቀ ዕድሌ!»

ራቲ ብቻ ነበር ምንም የማይቸግረው፣
አንዲት ሳንቲም በስቶ በቀይ ክር ያሰረው።
ይጥላል፣ ይጎትታል፣ ልክ እንደ ዓሣ አጥማጅ፤
ሣጥኑ ተታላይ፣ ሳንቲሟ ወዳጅ።
ሁለት ዓመት ሙሉ በዚያች ነጠላ ክር
ተሳፈርን በነጻ፣ ስንስቅ፣ ስንፎክር።
«ይሄ ነው» ይል ነበር «ተግባራዊ ሒሳብ፣
አንድን ቁጥር ለዘላለም ከዜሮ መሳብ!»

መምህርት ኤተሪ፣ ጉልበታቸው የከዳ፣
ወሰን የለሽ ነገር የሚያስተምሩን በሰሌዳ፣
አንድ የኅዳር ጠዋት ቦርሳቸውን ቢዳስሱ
ጠመኔና ክኒን ብቻ፤ ሳንቲም የለም ለእሱ።
ራቲ ቀረበና እጅ ነሥቶ በአክብሮት
ሳንቲሟን ጨመረ፣ ክሩን በእጅጌው ከልሎት።
ሊፍቱ ተነሣ። እሱም ሊመልሳት ሲጎትት
ብጥስ!
ሣጥኑ ዋጣት።
«ተባረክ ልጄ» አሉት ኤተሪ፣ አላዩም።
ከፈለ በሁለት ዓመት፣ ያውም ወዶ አይደለም።

የሣጥኑ ቁልፍ ያለው ማቅቫላ ወገብ ላይ ነው።
ደረጃ ትጠርጋለች፤ ደሞዟ ከዚያ እንደሆነ ማን አውቀው?
በወር መጨረሻ በሻርፗ ላይ ዘርግፋ
በአሥር በአሥር ትደረድራለች፣ ደረጃው ላይ አርፋ።
እኛም ስናልፋት «ደህና አደርሽ» ከማለት በቀር
በማን ዳቦ ላይ እንደምንጋልብ ማን ይመረምር!

በሰኔ፣ በመጨረሻው ፈተና ዕለት፣ መብራት ሄደ።
ሊፍቱ ቆመ ባዶውን፤ ሰው በደረጃው ነጎደ።
አራተኛው ፎቅ ላይ ትንፋሽ አጥሮኝ ስቆም
ማቅቫላ ተቀምጣለች፤ ስሜን አታውቀውም።
የቁልፍ መያዣዋን ከወገቧ ፈታች፣
ከቁልፎቹ መሀል አንድ ሳንቲም አወጣች፣
የተበሳች፣ ቁራጭ ቀይ ክር ያንጠለጠለች።
«ለዚያ ረጅም ጓደኛሽ ስጪልኝ» አለች።
«ሰባት ወር ያዝኳት። ባለሱቁ መለሳት፣ የተበሳች ናት ብሎ፤
ያን ለት ዳቦዬን ተውኩት፣ ሒሳቤ ጎድሎ።
እናንተ የተማራችሁ፣ እስቲ ንገሩኝ ታዲያ፣
የተበሳ ሃያ ይባላል ወይ ሃያ?»

ለካ ሁለት ዓመት «አንቺ» እያልኳት ኖርኩ፤
ያኔ «እርስዎ» ብዬ ልመልስ ስል አፈርኩ።

የቀሩትን ሁለት ፎቆች እንዴት እንደወጣሁ እንጃ።
ሳንቲሟ በመዳፌ ሞቀች።
ራቲ ከፊቴ ተቀምጧል፤ ጀርባውን ነካሁት፣
ሰጠሁት።
አያት። ጆሮው እንደ ክሩ ቀላ፤
ዞሮ አላየኝም ከዚያ በኋላ።

እኔም ወረቀቴ ጠርዝ ላይ፣ ማንም ሳይጠይቀኝ፣ ጻፍኩ፦
አራት መቶ ጠዋት፣ በሃያ ቴትሪ፣
ሰማንያ ላሪ።
ለስድስት ሰው ላካፍል ስል ቀሪ መጣ።
ልደልዘው ብዬ ነበር፤ ሰዓቱ አለቀ።

በሳምንቱ ወረቀቱ ተመለሰ።
ከጠርዙ ቁጥር ሥር፣ በኤተሪ ቀይ ቀለም፣
በዚያ በሚንቀጠቀጥ ጽሕፈት እንዲህ ይላል፦
«ስሌቱ ትክክል ነው።
ጥያቄው ግን የታል?»